አንድና ሰባት

ልደታ ፍርድ ቤት፣ ከምድር ቤቱ ውስጥ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ካቧራ ጋር ስቀመጥ፣
መዝገብን በሽታው ለይቼ አውቅ ነበር፤
የውርሱ ይሸታል እንደ እርጥብ አፈር፣
የፍቺው፣ ሽቶና ያደረ ሲጋራ፣
የደረቅ ቼክ ክሱ፣ ማስቲካ ከቢራ።

«መዝገቡ ይቅረብ» ሲል ችሎት ከፎቅ ሆኖ፣
እጄ ይወጣ ነበር በልምድ ተማምኖ።
ካገኘሁ አገኘሁ። ካጣሁ ምን ቸገረኝ፤
«አልተገኘም» የሚል ማኅተም ነበረኝ።

ወይዘሮ ሽታዬ፣ ከጌጃ ሰፈር፣
ጥቁር ጃንጥላዋን ተመርኩዛ በበር፣
በቀጠሮዋ ቀን ከሁሉ ቀድማ መጥታ
«ዛሬስ ብቅ አለልህ?» ትላለች፣ በሰላምታ ፈንታ።
ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ካባቷ የቀረ፣
ከወንድሟ ጋራ አሥራ አንድ ዓመት ያከራከረ።
ዳኛ ተቀያየረ፣ ጠበቃዋም ሞተ፣
ነፋስ ጣራ ገልብጦ ጓዳው ተከፈተ፤
እኔ ያው ማኅተሜን።
ዳኛው ያው፣ «ለሦስት ወር፣ ተለዋጭ ቀጠሮ»።
እሷ ያው በእግሯ ናት፤
ባቡሩ ከራሷ በላይ ሽው ይላል፣ በሮ።

ድሮ ከሳሽ ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ
ተቋጥረው ይሄዱ ነበር ዳኛ ደጃፍ።
የዚች ሴት ቁራኛ ግን ሰው እንኳ አይደለም፣
ያልተገኘ መዝገብ፣ የደረቀ ቀለም።

ዘንድሮ ነህምያ የሚባል ልጅ መጣ፣
ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ ጢሙ ገና ያልወጣ፣
ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ስካነር ይዞ።
«ጋሽ ዳምጠው፣ ይኼ ሁሉ ይገባል» አለኝ፣
ወደ መደርደሪያው ጣቱን መዝዞ።
አርባ ሺህ መዝገብ! «በየትኛው ዕድሜህ?» አልኩት፣
ሻዬን አማስዬ ጀርባዬን ሰጠሁት።
ማሽኑ ግን ሲፈጭ ዋለ፣ ሲፈጭ አመሸ፣
አቧራው ብርሃን ላይ ቦነነና ሸሸ።

በሰባተኛው ወር፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣
ነህምያ ጠራኝ፤ ድምፁ ሌላ፣ ዓይኑ ሌላ።
«በቆይታ ልክ ደርድር አልኩት» አለ፣
«ከሁሉም አናት ላይ ይኼ ተሰቀለ።
አራት ሺህ አሥራ ሁለት ቀን።»
አጎነበስኩ።
የሷ ነው።

ጀርባው ላይ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
ለአንድ አፍንጫ መቀጠል ልማድ ነበረኝ።
ሰባት መስሎ ሄደ፣ ከሰባቶች ጋራ
አሥራ አንድ ዓመት ተኛ፣ ስሙ ሳይጠራ።
ከወንበሬ እስከ እሱ አራት እርምጃ ነው፤
ሽታ አዋቂው እኔ፣ ሽታዬን ያጣሁት፣
በሽታዬ ምንድን ነው?

በስልኳ መልእክት ሄደ። ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት
መጣች፤ ተከሳሹ ወንድሟ ክንዷን ይዞላት።
በቀጠሮ ብዛት፣ ባንድ አግዳሚ ወንበር፣
ቂማቸው አርጅቶ፣ ዳቦ ይካፈሉ ነበር።
ለችሎት ሳልናገር ለሷ ነገርኳት፤
«እኔ ነኝ» አልኩና፣ አንዱን አሳየኋት።

ብዙ አየችው።
ከዚያ ጃንጥላዋን ወደ ስክሪኑ ቀስራ፣
«ጎበዝ ዕቃ ነው» አለች፣ «ቀኔን አንድ ሳይስት ቆጠረው።
ከቆጠረ አይቀር፣
እስቲ ጠይቅልኝ፣ ይመልሳል ወይ?»

ነህምያ ቁልፎቹን አየ። እኔ መሬት።

ፍርዱ በአርባ ቀን ተነበበ፤ አንድ ክፍል ለሷ፣
አንድ ክፍል ለሱ።
ድሮም እንደዚያው ነበር የሚኖሩት፤
አሁን ግን ወረቀት አላቸው፤ ጣራ ያድሱ።

ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥቼ ጣልኩት።
ነህምያ አንስቶ መስኮት ማስደገፊያ አረገው።
ዛሬ ቁጥር አልጽፍም፣ እጫናለሁ፤
በቁልፎቹ ሰልፍ ላይ አንድና ሰባት
ሩቅ ለሩቅ ናቸው፣ አይነካኩም።
እንዲያም ሆኖ፣ ጣቴ ከማረፉ በፊት
ቀና ብዬ በሩን አያለሁ፣
ጃንጥላ የተመረኮዘ ሰው
ቆሞ እንደሆነ።